ሀይፋ ያሰራችው ሜዳ

ልጄ ሀይፋ፣ አላህ አንቺንም ልጆችሽንም ከክፉ ዓይን ይጋርድልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ጎረቤታችን ጥሩብርሃን ልጇን ዳረች፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ልጆችሽ ሲመጡ እንዲጫወቱበት ያሰራሽው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አልቋል። ወንድምሽ አነስ ፎቶውን ልኮልሻል። ያላነሳልሽን እኔ ልንገርሽ። ሲሚንቶው ሲሞላ ግቢው ከቤቱ ወለል ከፍ አለ፤ የድሮው ቦይም ተደፈነ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ሁሉ ወደ ጭቃ ቤታችን ዞረ። አባትሽ የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ከስር እየራሰ ምርጉ ይረግፋል።

አነስን ሲሚንቶውን ሰብረህ ቦይ አውጣ ብዬ ለመንኩት። «እማዬ፣ ሀይፋ ለፍታ ያሰራችውን እንዴት እሰብራለሁ? ትቀየመኛለች» አለኝ። አባትሽ ደግሞ ሳሉ ብሶበት አልጋውን እንኳ እናሽሽ ስለው፣ «ዝናብ አይተሽ አታውቂም እንዴ? ልጄ ያሰራችውን በዶማ የሚነካ ከቤቴ ይውጣ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ውጭ እገፋለሁ፤ ተመልሶ ይገባል።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ እጅሽን ይባርከው። እባክሽ ልጄ፣ ደውለሽ «ስበሩት» በያቸው። እኔማ ብዬ ብዬ የሚሰማኝ አጣሁ።

እናትሽ አልፊያ