የጠርሙስ ፋብሪካው አክሲዮን

መስከረም 22
ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። በደረጃ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ መዝገብ ጠበቀኝ፤ የጠርሙስ ፋብሪካ ነው። ሁለተኛ ምድጃ ለመትከል አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ነው። ከመሸጡ በፊት የሽያጭ መግለጫውን እኛ፣ የገበያው ተቆጣጣሪዎች፣ መርምረን ማጽደቅ አለብን።
ይህን ሥራ ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ኩባንያው ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አንልም። ገዢው ማወቅ ያለበት ሁሉ ተጽፏል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። ከተጻፈ ማኅተም ይደረግበታል።
ሽፋኑ ላይ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ጠርሙስ አለ።

ጥቅምት 3
የስጋት ምዕራፉ ላይ ደረስኩ። «የደንበኞች የግዢ መጠን እንደ ገበያው ሁኔታ ሊለዋወጥ ይችላል» ይላል። የትኛው ደንበኛ? ከሒሳብ አባሪው ውስጥ አገኘሁት። ከአሥር ጠርሙስ ሰባቱን የሚገዛው አንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ነው። ማብራሪያ ጠይቄ ጻፍኩ።

ጥቅምት 17
የኩባንያው ጠበቃ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ይገባል።
«ጌታዬ፣ ያ ደንበኛ የራሱን ጠርሙስ ፋብሪካ እየገነባ ነው። ግን አልጨረሰም። ያላለቀ ነገር ምን ተብሎ ይጻፋል?»
«እየተገነባ ነው ተብሎ።»
«እንዲያ ከተጻፈማ ማን ይገዛናል?»
እኔን ይጠይቀኛል...

ጥቅምት 21
ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ ቤት ምሳ በላሁ። ትሠራበት የነበረው የስፌት ፋብሪካ ተዘግቶ ካሳ ከተሰጣት ወዲህ ገንዘቡን የት እንደምታደርገው ስታወጣ ስታወርድ ከርማለች። እጄን ስታጠብ ከኋላዬ መጣች።
«የጠርሙስ ፋብሪካው አክሲዮን ሊሸጥ ነው አሉ። እናንተ ጋ አይደል የሚያልፈው?»
ሳሙናው ከእጄ አመለጠኝ።
«እቴቴ፣ ስለ ሥራ አልናገርም። ታውቂያለሽ።»
«ምን አልኩህ? እናንተ ጋ ካለፈ ደህና ነው ማለት ነው።»
ወላጆቻችን ሲሞቱ ያሳደገችኝ በስፌት ፋብሪካው ደመወዝ ነው። ካሳው የዕድሜ ልክ ጉልበቷ ነው። ሌላ ምንም የላትም።

ጥቅምት 22
እህቴ ልትገዛ እንደምታስብ ለኃላፊዬ ነገርኩት። ከመዝገቡ ልውጣ ወይ አልኩት።
«ውጣ። የሚተካህ ሰው ግን ከዚያ ጠበቃ ጋር አይጨቃጨቅልህም።»
መዝገቡ ላይ ቀረሁ። መግለጫው ሳይታተም አንድ ቃል ብነግራት እስር ነው። ከታተመ በኋላ የታተመውን ላነብላት እችላለሁ። ግዢ ወይም አትግዢ ካልኳት ግን ከሥራ እሰናበታለሁ። ደንባችን ነው። ስፈርም አንብቤዋለሁ።

ኅዳር 9
አሸነፍኩ። እንዲህ ተብሎ ገባ፦ «ከምርታችን ሰባ በመቶውን የሚገዛው ደንበኛ የራሱን ጠርሙስ ፋብሪካ በመገንባት ላይ ነው፤ ሲጨርስ ከእኛ መግዛቱን ሊያቆም ይችላል።» ገጽ 61 ላይ ነው። ከፊት ይምጣ አልኩ። ጠበቃው «የት ገጽ ላይ እንደሚጻፍ ሕጉ አይልም» አለ። እውነቱን ነው። አይልም።
ማኅተም ተደረገ።

ታኅሣሥ 2
መግለጫው ዛሬ ወጣ። አንድ ቅጂ ይዤ ከቢሮ በቀጥታ እቴቴ ቤት ሄድኩ።
ሳሎኑ ሞልቷል። የድሮ የስፌት ባልደረቦቿ ናቸው። ከእሷ ጋር ተባረው፣ ከእሷ ጋር ካሳ ተቀብለው፣ አሁንም ከእሷ ጋር ሊገዙ...
«ይኸው መጣ! ወንድሜ ነው የሚመረምረው ብያችሁ የለ?»
ላንብብላችሁ አልኩ። ገጽ 61ን ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ገባቸው ብዬ ነበር።
ከዚያ ከመካከላቸው መቀስ የሚሏት ተናገረች። ምላሷ ስለሚቆርጥ እነሱ ያወጡላት ስም ነው።
«የእኛዎቹ ፋብሪካውን ሊዘጉ ሳምንት ሲቀራቸው እንኳ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ነበር የሚሉን። እነዚህ ገመናቸውን ራሳቸው አወጡት። እኔ የማምነው እንዲህ ያለውን ነው።»
«ባሌ እንደዚህ ቢናዘዝልኝ ኖሮ ዛሬም አብሬው ነበርኩ» አለች አጠገቧ ያለችው። ተሳሳቁ።
እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»
ምክር መስጠት አልችልም አልኩ።
«መጥፎ ቢሆን ይከለክለኝ ነበር» አለቻቸው፣ እኔን እያየች።
የገጽ 61ን ጥግ አጥፌ ቅጂውን ሰጠኋት።

ታኅሣሥ 3
አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አትግዢ። ምን ያስፈራኝ ነበር? ደመወዜ? ለዚያ ነው?
ዛሬም አልደወልኩላትም።

ጥር 20
ሽያጩ ተዘጋ። ለሽያጭ ከቀረበው በላይ ተጠይቋል። እቴቴና ባልደረቦቿ ሁሉም ገዝተዋል።

የካቲት 11
አክሲዮኑ ገበያ ላይ መገበያየት ጀመረ። ዋጋው ጨመረ። እቴቴ ደውላ ሳቀችልኝ። አሁን ሽጪ ልበላት? እሱም ምክር ነው...

ግንቦት 6
የለስላሳው ፋብሪካ የራሱን ጠርሙስ ማምረት ጀመረ። ሪባን ሲቆረጥ በቴሌቪዥን አየሁ። እስከ ማታ የአክሲዮኑ ዋጋ በግማሽ ወረደ።

ሰኔ 14
የጠርሙስ ፋብሪካው ምድጃውን አጠፋ። እንዲህ ያለ ምድጃ አንዴ ከቀዘቀዘ መስታወቱ ውስጡ ይደርቅበታል፤ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ሁለተኛው ምድጃ ከመሠረቱ አላለፈም። የአክሲዮኑን ግብይት አገድን። ማን ይገዛ ነበርና?

ሰኔ 28
ሴቶቹ እኛ ጋ አቤቱታ አስገብተው ነበር። ውድቅ ሆነ። ስጋቱ በግልጽ ተጽፏል፤ ጥፋተኛ የለም።
ባይጻፍ ኖሮ ኩባንያው ደብቋል ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ገንዘባቸውንም ሊያስመልሱ ይችሉ ነበር። እኔ ታግዬ ያስገባሁት ነገር በሩን ዘጋባቸው። ጠበቃው ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ እጄን ጨበጠኝ።
«ያኔ አስቸገርከኝ ብዬ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»
ኃላፊዬ መዝገቡን ለአዳዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ሊያደርገው ነው። እንከን የለውም ይላል። የለውም።

ሐምሌ 5
እቴቴ ቤት ነበርኩ። እያየችኝ አልነበረም።
«ታውቅ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«ታዲያ ለምን እንደ ዜና አንባቢ አነበብክልን?»
ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ።

ነሐሴ 19
እቴቴ ለአንድ ሱቅ የሱሪ ጫፍ ማጠፍ ጀምራለች። በቁራጭ ይከፍሏታል። መርፌውን ለማየት ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ብተውላት፣ ስሄድ መልሳ ኪሴ ውስጥ ከትታው አገኘዋለሁ።
ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ስልኳ ጠራ። መቀስ ናት፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል። ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጣሁ ትላለች። ወንድምሽ ጉድ ሠራን ትላለች።
«ወንድሜ ግዙ አላላችሁም። ያልኳችሁ እኔ ነኝ።»
ዘጋች። ወዲያው ሌላዋ ደወለች።
«እኔ ነኝ ያልኳችሁ። እኔን ተናገሪኝ።»
እንዲህ ነው የምትውለው ማለት ነው? አንድም ጥሪ አታሳልፍም። ሦስተኛው ሲጠራ እጄን ዘረጋሁ።
«ስጪኝ። አውቅ ነበር ልበላቸው። ልክ እንደዚያ ነው የምላቸው።»
ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው።
«ተው። ከሥራ ያስወጡሃል።»
እጄን ሰበሰብኩ።