ስለ ሻምበል ረታ አጥናፍሰገድ እና «ገብቷል» ስለተባለችው ቃል የወጣ የሀዘን መግለጫ

የባሮ ዳር አየር ማረፊያ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ለተልእኮ ወደ ጋምቤላ የመጣው የሄሊኮፕተር ጓድ የሙከራ አብራሪና የአብራሪዎች ፈታኝ የነበሩት ሻምበል ረታ አጥናፍሰገድ፣ ሰኔ 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከጎግ በስተሰሜን ባለው ደን በግዴታ ከወረዱ በኋላ ከመካከላችን መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው፣ ልቡ በሀዘን ተሰብሮ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያች ዕለት ከቤቱ የወጣች አንዲት ቃል ያደረገችውን እያሰበ፣ በኀፍረትም ጭምር ነው።

ሻምበል ረታ በ1944 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወልደው፣ ከሃያ ዓመት በላይ በአብራሪነት አገልግለዋል። የሙከራ አብራሪ ማለት፣ ሌላው ያለ ሥጋት ይሳፈር ዘንድ፣ ከጥገና የወጣችውን ሄሊኮፕተር ከነሥጋቷ አስቀድሞ የሚሳፈርባት ሰው ነው፤ እርሳቸውም ይህን ግዴታ አንድም ቀን ለሌላ አሳልፈው አልሰጡም።

በጥር 1987 ዓ.ም.፣ ክልሉ ራሱን ማስተዳደር በጀመረ ሰሞን፣ ከጓዱ ጋር ወደ ከተማችን መጡ። አየሩ በሙቀት ሳስቶ ሄሊኮፕተሯን መሸከም ሳይከብደው፣ ገና በማለዳ የመሞከርን ልማድ ያስለመዱን እርሳቸው ናቸው።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ መንገዱን ሁሉ በዋጠ ጊዜ፣ መድኃኒት አድርሰው፣ ምጥ የጸናባቸውን እናቶች ወደ ከተማ አመጡ።

በዚያው ዓመትና በተከታዩ፣ ከዋናው ጣቢያ ፈታኝ እስኪላክ ሳይጠብቁ፣ አራት አብራሪዎችን እዚሁ ለተልእኮ በወጡበት ስፍራ በብቃት ፈተና በረራ መዝነው አሳልፈዋል። ፈተናቸው የበረታ ነበር፤ በመካከሉ የመለኪያ ሰዓቶቹን መስታወት በባርኔጣቸው ይከድኑና፣ «እንግዲህ በጆሮህ አምጣት» ይሉ እንደነበር ተፈታኞቹ ይመሰክራሉ።

የማኅበራችን አባልና የሬዲዮ ክፍሉ ሠራተኛ አቶ ኦጁሉ አጓ፣ አማርኛን በገበያና በሥራ የተማሩት የጎግ ተወላጅ ናቸውና፣ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ይላሉ። አንድ የጓዱ ባልደረባ ስለዚህ በተቆጣቸው ጊዜ፣ ሻምበል ረታ፣ «ተወው! አንቱ የሚለኝ ስሞት ይደርሳል» ብለው እንዳሳቁት ሁላችን እናስታውሳለን። አቶ ኦጁሉም፣ «ሻምበል፣ አንተ መጀመሪያ ከሰማይ ውረድ፤ አንቱ መሬት ላይ ነው» ብለው መልሰዋል።

አቶ ኦጁሉ መልእክት ሲቀበሉ፣ «ሰምቻለሁ፤ ተረድቻለሁ» በማለት ፈንታ፣ «ገብቷል» ይሉ ነበር፤ ነገሩ ጆሮዬም ልቤም ገብቷል ማለታቸው ነው። ሻምበል ረታ ቃሏን ወደዷት፤ እርሳቸውም በሬዲዮ ይናገሯት ጀመር፤ ከእርሳቸውም ተቀብሎ የሬዲዮ ክፍሉ ሁሉ ለመደው። በጓዱ ድንኳን ግን፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በቅያሪ የመጡት ተረኛ ይህን ልማድ አያውቁም ነበር።

ሰኔ 14 ቀን፣ የማለዳው ጉም እስኪገለጥ ቆይተው፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ፣ ሻምበል ረታ የሙከራ አብራሪነት ተፈታኙን መቶ አለቃ ልዑልቃል ሐዲስን ይዘው ተነሡ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ «ጭራዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎግ በስተሰሜን ገላጣ ላይ ላወርዳት ነው፤ ሰው ላኩ» ሲሉ፣ አቶ ኦጁሉ «ገብቷል» ብለው መልሰው በመዝገባቸው ጻፉ። ወዲያው የድንኳኑ ተረኛ በስልክ፣ «የሻምበል ገብቷል?» ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት የሻምበል በረራ ተመልሶ እንደሆነ ነበር። አቶ ኦጁሉ፣ ድንኳኑም ሬዲዮ ስላለው መልእክቱን የሰማ መስሏቸው፣ «ገብቷል፣ ገብቷል» አሉ። አንደኛው ሄሊኮፕተሯ በሰላም እንደተመለሰች፣ ሌላኛው አዳኞች መንገድ እንደጀመሩ አምነው፣ ሁለቱም ስልካቸውን ዘጉ። ሻምበል ከሙከራ በኋላ በሜዳው ማዶ ሞተሩን ሲመረምሩ መቆየት ልማዳቸው ነበርና፣ መዘግየታቸው በድንኳኑ ማንንም አላስደነገጠም፤ አቶ ኦጁሉም የአዳኞቹን ወሬ ይጠብቁ ነበር።

በሰባት ሰዓት ተረኛው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ብቅ ብለው፣ «ኦጁሉ፣ ሻምበል ምሳ አይበሉም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጓዱም፣ ማኅበራችንም፣ የጎግ ሰዎችም የሮጡትን ሩጫ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ዝናቡ ከአቦቦ በኋላ መንገዱን ይዞት ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደረስ፣ መቶ አለቃ ልዑልቃል እግራቸው ተሰብሮ በሕይወት ነበሩ፤ የሻምበል ረታ ገላ ግን ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የፈተናው ቅጽ በጉልበታቸው ላይ ነበረ። እያንዳንዱን መስመር ሞልተው፣ ተፈታኙን «አልፏል» ብለው ፈርመው፣ ባዶ የተዉት «ያረፈችበት ሰዓት» የሚለውን ብቻ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ለማኅበራችን በጻፉት ደብዳቤ፣ «ወዲያው ሞተ ብላችሁ አታጽናኑኝ፤ የሆነውን ንገሩኝ» ብለዋልና፣ መቶ አለቃ ልዑልቃል ከሕክምና አልጋቸው የሰጡትን ቃል አንሸሽግም። ሻምበል ረታ፣ ሄሊኮፕተሯ ስትወርድ ክፉኛ ተጎድተው፣ ሬዲዮዋም ተሰብሮ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ገደማ በሕይወት ነበሩ። ደጋግመው፣ «መልእክቴ ገብቷል አይደል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። «ገብቷል» ሲባሉ፣ «እንግዲያው ኦጁሉ ዝም አይልም፤ ይመጣሉ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በማለዳ ሬዲዮው ተከፍቶ ማፏጨት ሲጀምር፣ በማረፊያው ሥራ ሁሉ ይቆማል። በከተማችን የኒውላንድ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከባሮ ማዶ የሞተር ድምፅ እንደሚሰሙ ይናገራሉ። ማኅበሩ ይህን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን አባላቱ በየጊዜው ከየክፍላቸው ወጥተው ሽቅብ እንደሚያዩ፣ ምን ሰማህ ብሎም አንዱ ሌላውን እንደማይጠይቅ አይክድም።

አቶ ኦጁሉ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብለው ከሬዲዮ ክፍሉም ከማኅበሩም ለመሰናበት አመልክተዋል። ማኅበሩ ማመልከቻውን አልተቀበለም። ቃሏ የሁላችን ነበረች፤ በፍቅር ለምደናት፣ ሁለት ፊት እንዳላት ሳናስተውል፣ ለእንግዳው ተረኛም ሳናስረዳ ቀረን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማረፊያ ሬዲዮም ሆነ ስልክ «ገብቷል» አይባልም።

ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ፣ በሀዘን መግለጫ የተለመደውን «ዐረፉ» የሚለውን ቃል ስለ እርሳቸው ያልጻፈው ከሥርዐት ጉድለት አይደለም። በበረራ መዝገባችን በሰኔ 14 መስመር፣ የመነሻው ሰዓት ተጽፎ የማረፊያው ዓምድ ባዶ ነው፤ ማንም ሊሞላው ስላልደፈረ፣ እኛም መዝገቡን መቅደም አልፈለግንም።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ጽጌ፣ ለልጆቻቸው፣ ለመቶ አለቃ ልዑልቃልና ለጓዱ ባልደረቦች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ወይዘሮ ጽጌ በሁለተኛው ደብዳቤያቸው፣ «መስመሩን የሚሞላው ያ አንተ የሚለው ሰው ይሁን» ብለው በጠየቁት መሠረት፣ በአርባኛው ቀን፣ ሐምሌ 23፣ በማረፊያው በሚደረገው መታሰቢያ፣ ወይዘሮ ጽጌ ራሳቸው ባሉበት መዝገቡ ይገለጣል። አቶ ኦጁሉ አጓም በባዶው ዓምድ በገዛ እጃቸው፣ ስለ ሻምበል ረታ ተናግረውት በማያውቁት አንቱታ፣ አንዲት ቃል ይጽፋሉ፤ «ዐረፉ»።

የባሮ ዳር አየር ማረፊያ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር
ጋምቤላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1989 ዓ.ም.