ሌመል ከባቡሩ የቀረበት ጠዋት

ለውድ እናቴ ለሄንያ፤

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? አሁንም ደረጃውን እየወጣሽ ነው ወይስ እህቴ ዴቮራ እንደመከረችሽ አልጋሽን ወደ ምድር ቤት አወረድሽው? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? መድኃኒቱን ወስጃለሁ ሲልሽ ዝም ብለሽ እንዳታምኚው፤ ጠርሙሱን እዪው። እኔ፣ ስሙ ይባረክና፣ ከእግሬ እብጠት በቀር ጤናዬ ደኅና ነው። ልቤም ደኅና ነው ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቢቻል አባዬ አጠገብሽ ይሁን። ስልክ ልደውልልሽ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ደግሞም ድምፅሽን ስሰማ ግማሹን እንደምውጠው አውቃለሁ።

ጌርሾን ይህን ስለ አያቱ ስለ አባባ ኑኼም የሚቀርጸውን ፊልም ሲያስብ "አያቴ የረገጡትን ሁሉ እረግጣለሁ" ብሎ ነበር የተነሣው። ነገር ግን እሳቸውን በ1939 በጋ ከለንደን ግዲኒያ ወደብ ያደረሳቸው መርከብ ዛሬ የለም፤ እኛ ባሕሩን ዞረን ዞረን ነው የደረስነው። ወደቡ ላይ ካሜራውን ደግኖ፣ "እስቲ ዝላታ፣ አያቴ ለምን እንደመጡ በራስሽ አፍ ንገሪኝ" አለኝ። እኔም አንቺ ስትነግሪን የኖርሽውን ነገርኩት፤ ባርኔጣ ሰፊው ኑኼም ባሏ የሞተባትን እህታቸውን ብሉማንና ሁለቱን ልጆቿን ሊያወጡ የሦስት ሰው የለንደን መግቢያ ወረቀት ይዘው እንደሄዱ፣ ይዘው የተመለሱት ግን የሰባት ዓመት ልጅ የነበርሽውን አንቺን ብቻ እንደሆነ። "ብሉማና ትንሹ ሌመልስ?" አለኝ። "ልጁ በመነሻው ጠዋት ጠፋ፤ እናቱ ልትፈልገው ቀረች" አልኩት። "ታዲያ አያቴ ለምን አንድ ቀን አልጠበቁም?" አለኝ። ያ ጥያቄ ያንቺ ነው። እሳቸው ባሳደጉሽ ቤት ውስጥ፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ያኮረፍሻቸው በእሱ ነው። ጌርሾንም ይህን ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ አይናገርም እንጂ የአያቱን ስም ለማጥራት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው።

ሾፌራችን ቪቶልድ የሚባል የሉብሊን ሰው ነው፤ አፉ አያርፍም። ወደ ትውልድ ከተማሽ ወደ ኦልሻንካ ልንገባ ስንል፣ "እዚህ ከተማ ካሜራ ካወጣችሁ አንድም ሠርግ፣ አንድም ቀብር መስሏቸው ሕዝቡ ይሰበሰባል። ለየትኛው ነው የመጣችሁት?" አለን። "ለቀብሩ" አልኩት።

ቤታችሁ አለ፣ እማዬ። ጣሪያው ተቀይሯል፤ በፊት ለፊት በኩል የዘርና የማዳበሪያ መሸጫ ሆኗል። ጌርሾን ገና ካሜራውን ከፍ ሲያደርግ ባለሱቋ እጇን በወገቧ ይዛ ወጣች። "ቤቱን ልትወስዱ ነው አይደል? እኛ ወረቀት አለን!" አለች። ቪቶልድ፣ "አይ እመቤቴ፣ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚወስዱት" ቢላት፣ "አዎ፣ ዛሬ ሥዕሉን፣ ነገ ቁልፉን!" ብላ በሩን ድርግም አደረገችብን። ያኔ ሳቅሁ። በኋላ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። በአጥሩ ወዲያ የነበረው የጎረቤት ጎተራ ግን እንዳለ ነው፤ ጠቁሯል፣ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል።

በማግስቱ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። አሁን ባቡር አይቆምበትም፤ ሐዲዱ ዝጓል፣ ሳማ በቅሎበታል። ጌርሾን ሻንጣ አስይዞኝ መድረኩ ላይ ስንቴ እንዳመላለሰኝ አልነግርሽም። አንዲት ብስክሌት የምትገፋ ሻሽ ያሰረች አሮጊት መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ በዪዲሽ፣ በእኛ በአይሁዶቹ፣ በራስሽ በእናትሽ ቋንቋ፣ "የሄንያ ነሽ?" አለችኝ። ክው አልኩ። በዚያ ከተማ ዪዲሽ የሚናገር አንድ ሰው እንደሌለ ተነግሮን ነበር። "እንዴት አወቁኝ?" አልኳቸው። "አፍንጫሽ የብሉማ ነው። ቆንጆ አፍንጫ አይደለም፤ ግን አይጠፋም። እኔ ሎድዚያ ነኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ።"

እማዬ፣ ሎድዚያ ናቸው። በሣር ቅጠል ማፏጨት ያስተማረችሽ፣ ስለ እሷ ስታጫውቺን ብቻ ፊትሽ የሚፈታው፣ ያችው ሎድዚያ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። እናንተ ቤት ሲጫወቱ ያደጉ ስለሆኑ ቋንቋውን አልረሱትም።

ጌርሾን ከኋላዬ፣ "ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ እየቀዳሁ ነው" እያለ ይንሾካሾካል። እሳቸው ካሜራውን አዩና፣ "ያ ሳጥን ዪዲሽ ያውቃል?" አሉኝ። "አያውቅም፤ ግን አይረሳም" አልኩ። "ሰውዬውስ?" "እሱም አያውቅም።" "እንግዲያውስ ልናገር። ለቄሱ ተናግሬዋለሁ፤ ቄሱ ግን ለሄንያ አያደርሱልኝም" አሉ።

አንቺ አንድ ቀን ብቻ፣ በማስተስረያው ጾም በዮም ኪፑር ዋዜማ፣ "ሌመልን ጠብቂ ተብዬ ነበር፤ ጫማዬን ስቆልፍ ከእጄ ወጣ" ብለሽን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ዳግም አላነሣሽውም። አሁን ስሚኝ። ከእጅሽ አልወጣም፤ ተጠርቶ ነው የሄደ።

ሎድዚያ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ጋሪው በር ላይ ቆሞ፣ እናትሽ ቁም ሣጥኑን ስትቆልፍ፣ አንቺ አዲሱን ጫማሽን ስትታገይ፣ እሷ በአጥሩ ቀዳዳ "ሌመሌ፣ ና፣ ድመቷ ወልዳለች!" ብላ ጠራችው። እጁን ይዛ አባቷ ጎተራ ወሰደችው፤ ድርቆሹ ላይ አወጣችው። "ጨዋታ ነው፤ ማንም ቢጠራህ ዝም በል" አለችው።

"ለምን?" አልኳቸው፤ ድምፄ ተቆጣ። "እኔ ወንድም አልነበረኝም" አሉ። "ወንድሜ እሱ ነበር። ባቡር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ካመለጣችሁ በቃ ሁላችሁም ትቀራላችሁ አልኩ። ክፋት አልነበረም። መውደድ ነበር። አየሽ፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።"

እናትሽ "ሌመሌ! ሌመሌ!" እያለች ሁለት ጊዜ ከድርቆሹ ሥር አልፋለች። ልጁ ሳቁ እያመለጠው ሎድዚያ አፉን በእጇ ትይዘው ነበር። ባለጋሪው ሲሳደብ፣ አባባ ኑኼም "አልሄድም፣ ልጁ ሳይገኝ አልሄድም" ሲሉ፣ ብሉማ ደግሞ "ሂድ! ልጅቷን ይዘህ ሂድ! እኛ በነገው ባቡር እንደርስባችኋለን" ብላ ስትጮህ ሎድዚያ ሰምታለች። የሄዱት እሷ ስላስገደደቻቸው ነው፣ እማዬ። የጋሪው ድምፅ ሲርቅ ሎድዚያ "ቀሩልኝ" ብላ ደስ ብሏት ወረደች። ግቢው ውስጥ ያገኘችው ግን ብሉማን ብቻዋን ነው፤ አንቺ የለሽም። እናትሽ አልመታቻትም፤ አልተቆጣቻትም። ከልጁ ፀጉር ላይ ድርቆሹን አንድ በአንድ ለቀመችና "ደግ፣ ነገ እንሄዳለን" አለች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ጣቢያው መጡ። ባቡሩ ወታደር ጭኖ ሳይቆም አለፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ለሰው የሚሆን ባቡር አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ከግዲኒያ ቴሌግራም ደረሳቸው። ብሉማ ለሎድዚያ እናት ስታነብላቸው ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ሃምሳ አምስት ዓመት በቃላቸው ይዘውታል። "አራት ባቡር ተቀበልኩ የላችሁም። መርከቡ ሐሙስ ይነሣል። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከጣቢያው አልለይም። ኑኼም።" ሲደርሳቸው ሐሙስ አልፏል።

አንቺ፣ አባባ ኑኼም ወደቡ ላይ ሻንጣ ላይ አስቀምጠውሽ እየሄዱ ሰዓት ሙሉ ሲጠፉ፣ "እኔንም ትተውኝ የሄዱ መሰለኝ" ትዪን የለ? ባቡር ሊቀበሉ ነበር የሚሮጡት። ለምን እንዳልነገሩሽ አላውቅም። ምናልባት ባዶ እጄን ተመለስኩ ብለው መንገር አፍረው ይሆናል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ያ ያልቆመው ባቡር ላንቺም አይቆምልሽም ነበር። እኔም ይህን አልጽፍልሽም ነበር።

የመጨረሻውን ልተወው አስቤ ነበር። ግን ግማሽ እውነት እንደማትወጂ አውቃለሁ። በ1942 መከር ላይ ወራሪዎቹ ወታደሮች የኦልሻንካን አይሁድ በሙሉ ወደ ሞት ሊጭኗቸው ወደዚያው መድረክ አመጧቸው። ሌመል ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔም መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅሁ፤ "ያን ጊዜስ ጎተራው አልነበረም?" አልኳቸው። ሎድዚያ ወደ ሐዲዱ ዞሩ። "ነበረ" አሉ። "ሌሊቱን ብሉማ ልጁን ይዛ መጥታ ነበር። አባቴ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። የሚደብቅ ሰው ከነቤተሰቡ ይገደል ነበር፤ እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው፣ ልጁን እንዲያስገባ አይደለም፣ እንዳይከፍት። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በማይገባኝ ቀን ደበቅሁት፤ በሚገባኝ ቀን አልደበቅሁትም።"

ከዚያ ተነሡ። እጃቸውን ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር መሰለኝ፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አደረግሁ። ብስክሌታቸውን እየገፉ ሄዱ። በዚያ አሁንም አዝናለሁ፤ ደግሞ አላዝንም። ሁለቱም እውነት ነው።

ጌርሾን ደስ ብሎት፣ "ምን አሉ? ምን አሉ?" ብሎ ሮጦ መጣ። "እናቴን ያስታውሷታል" አልኩት። "አርባ ደቂቃ ሙሉ ይኼን ብቻ?" አለኝ። ለንደን ሲገባ ካሴቱን ለአስተርጓሚ እሰጣለሁ ብሎ ሁለት ቀን አወራ። ነገሩ ለእሱም ይገባዋል፤ አያቱ ናቸው የነጹት። ነገር ግን የሎድዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው ኦልሻንካ ናቸው፤ ፊልሙን አንድ ሰው አንድ ቀን ያይባቸዋል። በሩን የቆለፉት ሽማግሌ አባታቸው ሞተዋል፤ የሚወቀሱት ግን ሕያዋን ናቸው። ትናንት በቁርስ ላይ፣ "ጌርሾን፣ እዚያ ካሴት ላይ ያለው መጀመሪያ የእናቴ ነው። አያትህን የሚያስመሰግን ነገር አለው፤ የሚያስለቅስም አለው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ" አልኩት። እንደሚቆጣ ነበር የጠበቅሁት። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ። ከዚያ ካሴቱን ከቦርሳው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠውና፣ "አያቴ መልካም ሰው ከነበሩ ይበቃኛል። ሄንያ እስክትፈቅድ አንቺ ጋ ይቆይ" አለኝ። አሁን ከልብሴ ሥር ነው። ይታይ ካልሽ ይታያል፤ ይቅር ካልሽ ይቀራል። አንቺን ለማስመረጥ ቸኩዬ አይደለም፤ ግን ካንቺ በቀር የሚመርጥ የለም።

አባዬን ሳሚልኝ። ዴቮራንና ባሏን፣ ልጆቿን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በዪልኝ፤ ለትንሿ ለሮይዘ ከዚህ የእንጨት ወፍ ገዝቼላታለሁ። ለጎረቤታችን ለሚስተር አብራምሰን፣ ያዘዙኝን የጸሎት መጽሐፍ እንዳላገኘሁ ንገሪያቸው። ወደ አባባ ኑኼም መቃብር ሄደሽ አታውቂም፤ ሂጂ አልልሽም። ከሄድሽ ግን ለእሳቸውም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ዛሬ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ቪቶልድን ለምኜ ብቻዬን ወደ ሎድዚያ ቤት ተመልሼ ነበር። በር ላይ ቆመን ቀረን፤ ግቢም አላሉኝም፣ እኔም አልገባሁም። "ለእናቴ ምን ልበልልዎ?" አልኳቸው። "ምንም አትበዪ። እኔ ለሄንያ ሰላምታ የምልክ ሰው አይደለሁም" አሉኝ። እንዲህ ብለዋል፤ እኔም እንዳሉት ጻፍኩልሽ።

ልጅሽ ዝላታ

ሉብሊን፣ እሑድ ኦገስት 21 ቀን 1994