በድልድዩ ሆድ ውስጥ

ውድ እማዬ፣

ብርዱ ገባ እንግዲህ፤ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት አልከለከለሽም? ዶሮዎችሽስ ከቀበሮ ተርፈዋል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ስልኩ ለሁለታችንም ጩኸት ብቻ ስለሆነብን፣ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

በሰው የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ሩጄሮ ኮርቷል፣ ከፋሲካ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፣ እናቱን ረስቷል ብለሻል። እውነቴን ነው፣ እስካለፈው ሳምንት እኔም ካንቺ ጋር ነበርኩ። ሐኪም ቤት ይቅረበው ብለን እሱ ጋ ያስቀመጥነውን አባባን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወስዶ አረጋውያን መኖሪያ ካስገባው ወዲህ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ሥራ አንድ ድልድይ ላይ ሲያገናኘንም ተኳርፈን ነበር የምንውለው። ካቦአችን ኔሎ፣ «እናንተ ወንድማማች ናችሁ ወይስ በአጥር የተካሰሰ ጎረቤት?» እያለ ሲቀልድብን ከረመ።

ድልድዩን ታውቂዋለሽ፤ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ፈጣን መንገድ ላይ ያለው ረጅሙ ነው። በየክረምቱ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ከውሃ ጋር እየሰረገ ፌሮውን በልቶታል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ደግሞ ኮንክሪቱን ፈልቅቆ ይጥለዋል። የኛ ሥራ በመዶሻ እያንኳኳን የላላውን መፈለግና ማፍረስ፣ ፌሮውን እስኪያብለጨልጭ ማጽዳት፣ ዝገት መከላከያ ቀብተን መልሰን መሙላት ነው።

ከመንገዱ ወለል ሥር ያለው ባዶ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ረጅም የኮንክሪት ሳጥን በዪው። የሚገባው ከታች ባለች ቀዳዳ ሲሆን፣ እዚያ የሚያደርስሽ መኪና ላይ የተተከለ የማንሻ ቅርጫት ነው። ባለፈው ሐሙስ ኔሎ እኔንና ሩጄሮን አንድ ላይ ላከን። «የማይነጋገሩ ሰዎች ሥራ ያፈጥናሉ» ብሎ።

ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሳ። እንዲህ ያለ ነፋስ እዚህ ከመጣሁ አላየሁም። ኔሎ በሬዲዮ ጠራንና፣ ቅርጫቱን ቢያነሳው እንደሚገለበጥበት፣ ባለንበት እንድንቆይ ነገረን። በወዲያኛው ጫፍ ያለው መውጫ ለጥገናው ተብሎ በጣውላ ተደፍኗል። ትንሽ ቆይቶ መብራቱም ጠፋና የእኔ የእጅ ባትሪ ብቻ ቀረን። ከላያችን ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሳጥኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው አንገታችን ውስጥ ይገባል። ቀና እንዳትዪ ጣራው፣ ክንድሽን እንዳትዘረጊ ግድግዳው።

ሩጄሮ ተቀመጠ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁት።

«ፈራህ እንዴ?» አልኩት።

«አዎ፣ አንተን። ስንት ጊዜ አኩርፈህ ዛሬ አፍህን ከከፈትክማ ድልድዩ ሊወድቅ ነው» አለኝ።

ሳልወድ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ትውከት። ራሱን ልያዝለት ብዬ የሥራ ቆቡን አወለቅሁለት። እማዬ፣ ያ ማበጠሪያ የሚሰብርብሽ ፀጉሩ... ተይው። ባትሪውን አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁ ሲጠይቀኝ እንዳያልቅብን ነው አልኩት።

በጨለማው ውስጥ ነገረኝ። ያለኝን እዚህ አልጽፈውም፤ በአባባ መቃብር አስምሎኛል። «እማዬ እንዳትሰማ። ከሰማች አልጋ ላይ አስተኝታኝ ቁጭ ብላ ታለቅስብኛለች፤ እኔ ደግሞ ቆሜ ነው መዋል የምፈልገው» አለ። ይቺን ታህል እንኳ መጻፍ አልነበረብኝም። አባባን ለምን በሌላ ሰው እጅ እንደተወው ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ጭካኔ መስሎን ነበር። ለካ አረጋውያን መኖሪያ ሲያስገባው፣ ሩጄሮ አባባን ከአልጋ ማንሳት አቅቶት ነበር።

ከዚያ እጄን ያዘ፤ እኔም አለቀቅሁትም። ሊመሽ ሲል ነፋሱ በረደና ኔሎ አወረደን። ሩጄሮ መሬት ሲረግጥ ለሰዎቹ፣ «ይሄ ሰውዬ ሲለፈልፍ ጆሮዬን በላው፤ ሁለተኛ ከሱ ጋር እንዳትልኩኝ!» አላቸውና አሳቃቸው። በማግስቱም መዶሻውን ይዞ መጣ።

እኔ ነኝ ከዚያ መውጣት ያቃተኝ። ልንገርሽ ስል መሐላዬ ይይዘኛል፤ ዝም ልበል ስል የአንቺ ፊት ይመጣብኛል። ዳቦዬን ስቆርስ፣ ጫማዬን ሳስር፣ አሁንም ይህን ስጽፍልሽ፣ ዞር ልበል ብል መዞሪያ የለኝም። ሩጄሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ትልቁ ሐኪም ቤት ወዳለበት ወደ ጄኖቫ ይሄዳል፤ አሁን በእኔ መኪና ነው የምንሄደው። ኔሎ ወዴት ብሎ አልጠየቀንም፤ ሂዱ ብቻ አለን።

እሑድ ሁለታችንም እንመጣለን። ዘይት የበዛበት ነገር አትሥሪ፤ የአትክልት ሾርባ ይበቃል። ሩጄሮ ለምን ካለሽ፣ ትንሹን ወንድምህን ሆዱን አሞት ነው በዪው። ካፖርቱ ሰፍቶት ብታዪ፣ የሱፍ ቆቡንም ማዕድ ላይ ሳያወልቅ ቢቀር፣ እንዳላየሽ እለፊው። በር ላይ ስታዪው ደግሞ አደራ፣ እንዳትጮኺ። ኮራህም አትበዪው። ስትስሚው ግን ቶሎ አትልቀቂው።

እመቤታችን ከደጅሽ አትራቅ፤ እንቅልፍሽን ጣፋጭ፣ ጉልበትሽን ብርቱ ታድርግልሽ። ዘወትር ማታ ለእኔ የምትመርቂውን ምርቃት ለጊዜው ለእሱ አድርጊለት፤ እኔ አይጎድልብኝም።

ትንሹ ልጅሽ

ሳልረሳው፦ ፎቶ የምታነሳውን የጎረቤትሽን ልጅ፣ ዴሊያን፣ ለእሑድ ንገሪያት። ሦስታችን አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም። ቀኑ ቢዘንብም ትምጣ፤ ለሌላ እሑድ አታቆዪው።