እግሯ ጋ ያልደረሰው ጨርቅ

ውድ ልጄ ጋቪን፣

ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው። እናትህ ማክሰኞ አረፈች። አንተ ወዳለህበት ኤደንብራ የሚሄድ ሰው እስካገኝ ቀብሩም አለፈ። እንዳይምታታብኝ በተራ ልንገርህ።

አንደኛ፣ አልተሰቃየችም። አይ፣ ምን ልዋሽህ፣ ተሰቃይታለች። ሳሉ አላስተኛትም። ስምህን እየጠራች ነው ያለፈችው።

ሁለተኛ፣ የጥቁሩ ጨርቅ ነገር። እዚህ አገር የቤተ ክርስቲያኑን ጥቁር ጨርቅ ሳያለብሱ የሬሳ ሳጥን ከቤት ማውጣት የውሻ ቀብር ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። የሚሰጠው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መንጎ ቴናንት ነው። ያው ሠርተን ያስረከብነውን ሸማ ሲለካ ሁሌ የሚያጎድልብን ነጋዴ፣ አንተ «ጸሎቱ ሲረዝም ጨርቁ ያጥራል» ብለህ በግጥምህ የገረፍከው።

«ኤበኔዘር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። «ጨርቁ ዝግጁ ነው። ብቻ እሁድ ጉባኤው ፊት ጥፋተኛ በሚቀመጥበት የንስሐ በርጩማ ላይ ትቀመጥና፣ ልጄ የጻፈው ውሸት ነው ትላለህ።»

«እሷ እሁድ ድረስ አትቆይም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አሁን ማልልኝ። ምስክር እጠራለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ፈሪ መሆኔን ታውቃለህ፤ ልምል ነበር። ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ያጎደለብኝ ሸማ ትዝ አለኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ እሱ ያዘዘኝን፣ ገና ያላለቀውን ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ፣ ከሸማ ዕቃው ላይ ከነድሩ ቆረጥኩና ሳጥኑ ላይ ጣልኩት።

መንጎን ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ለመሸከም አራት ሰው ብቻ መጣ። ዝናብ ነበር። እትዬ ጄነት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ውይ፣ እግሯ ጋ አልደረሰም እኮ!» አሉ።

ሮብ አንጥረኛው ሳጥኑን እንደተሸከመ፣ «የመንጎ ነዋ፣ እትዬ! የሱ ነገር መቼ ሞልቶ ያውቃል?» አላቸው።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ ልጄ፣ በእናትህ ሬሳ ፊት።

መንጎ ሌባ ብሎ ከሶኛል። ሰኞ መጥተው ይወስዱኛል አሉ።

ሦስተኛ፣ እንዳትመጣ። አንተንም ሊይዙህ እየጠበቁ ነው። መቃብሯ የትም አይሄድም። እርጥብ ካልሲ አታድርግ፣ ደረትህ እንደሷ ነው።

አራተኛ፣ ግጥሙ ላይ ጨምርበት። እግሯ ጋ እንዳልደረሰ ጻፍ። ስሜን ግን አታግባ።

አይ፣ አግባው። ሰኞ እንደሁ አገር ሁሉ ይሰማዋል።

አባትህ፣
ኤበኔዘር ሸማኔው