ጋቢ ለብሰው ለቅሶ ለደረሱት የእናቴ ድምፅ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ ክንዱ
የዝነኛው ገጽ ባለቤት፣ ይዘት ፈጣሪ፣ የወጣቶች የግል ብራንድ ግንባታ አሠልጣኝ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ራስዎ፣ ስልክዎና ተከታዮችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ልብስ የምሰፋ ህይወት ይሄይስ የምባል ሴት ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እፍረት ሰው አይገድልምና። እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ እናቴን ግን ሳያውቋት አይቀሩም። ጅጋ አጠገብ ባለችው መንደራችን በየለቅሶው ሙሾ የምታወርደው እማዋይሽ ናት፤ የእርስዎ ገጽ አሁን የሚታወቅበት ድምፅ የእርሷ ነው።

ምስጋና ይቅደም። አምና በከተማችን አዳራሽ ስለ ግል ብራንድ ሲያሠለጥኑን ከፊት ረድፍ ነበርኩ። የሰፋኋቸውን ቀሚሶች ፎቶ እያነሣሁ ስለምለጥፍ ይጠቅመኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ስምና ድምፅ የሰው ልጅ ርስት መሆናቸውን፣ ርስቱን ያላጠረ ሰውም ሌላ እንደሚያርስበት በዚያ በሚያምር አንደበትዎ ሲያስረዱን እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ዛሬ ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፊቴን እሸፍናለሁ። ትምህርቱ ግን እውነት ነበር፤ አጥር ያልነበረን እኛ ነን።

እንግዲህ ቅሬታ ማቅረብ እንደ ድፍረት ካልተቆጠረብኝ፣ ያሉኝን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. ጎረቤታችን ወይዘሮ ሥርጉት አንድ ልጇን ቢሆነኝን በቡሬ መንገድ በመኪና አደጋ አጥታ በቀበረች ሰሞን፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ እርስዎ ጋቢ ተከናንበው ዘይት አንጠልጥለው መጡ። በእኛ ዘንድ ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ደራሽ የማን ወገን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀብር ላልደረሰ ሰው ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣለታል፤ አልቃሿም ድምፅዋ ቢዘጋ እንኳ ደክሞኛል አትልም፣ ነውር ነውና። ስልክዎን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሲያስሩ አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቅዎ፣ መተከል ላሉትና መምጣት ላልቻሉት ዘመዶች እንደሚልኩላቸው ነገሯት። እናቴም ይህን ሰምታ መተከል ያሉትን የሟቹን አጎቶችና አክስቶች በየስማቸው እየጠራች፣ ቀብር አለመድረሳቸውን እያነሣች፣ ለእነርሱ ብላ ጨምራ አለቀሰች። የተላከላቸው ነገር እስከ ዛሬ የለም። እርስዎም በጊዜው እንባዎን ማፍሰስዎን ያዩ ሰዎች ነግረውኛል፤ ለእንባዎ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ባያለቅሱ ኖሮ ያን ያህል ሰው ባላመነዎት ነበር።

፪. ከዚያ በኋላ ሙሾውን አሳጥረው፣ ከበሮና ኪቦርድ አስገብተውበት፣ ስምዎንና ፎቶዎን ለጥፈውበት ለሕዝብ አደረሱት። እኔ የሰማሁት ከደምበጫ ስመለስ በሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ ድምፁን ከፍ አደረገው፣ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች አብረው አዜሙ፣ እኔም እናቴ በመኪናው ውስጥ ራቁቷን የቆመች ያህል ተሰማኝና ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ። የሙሾውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ከተማው ሁሉ በቃሉ ቢያውቀውም ለሥርጉት የተለቀሰ የሥርጉት ነው። በሌላ ቤት እንኳ ደግማ እንደማታወርደው እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኛለች፤ የአንዱን ሟች ግጥም ለሌላው መስጠት እርሷ ዘንድ ከመቃብር ላይ ድንጋይ ከማንሣት አይለይም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል ነበር፤ እርስዎን እንደሆነ አድምቆዎታል። የስፖንጅ ፍራሽ ማስታወቂያ የሠሩ ጊዜም፣ እንቅልፍ አጥተው እንደሆነ ተመልካቹን ከመጠየቅዎ በፊት የሚሰማው ዋይታ የእርሷ ነው። ፍራሹ ጥሩ ነው ይላሉ።

፫. ወይዘሮ ሥርጉት የሰማችው ጅጋ ገበያ ላይ ነው። ጨው ልትገዛ እንደቆመች ከሱቁ የድምፅ ማጉያ የልጇ ስም ከከበሮ ጋር ተጠራ። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠች፤ ሰዎች ደግፈው ቤቷ አደረሷት። ድምፁን ለይታዋለች፤ እርስዎን ግን ከየት ታውቅዎታለች? በእርሷ አእምሮ የልጇን ሞት የሸጠችው እማዋይሽ ናት። እርስዎ ያመጡት ዘይት እስከዚያ ቀን አልተከፈተም ነበርና በማግስቱ በሰው አስይዛ ወደ እናቴ ደጅ ላከችው። የተላከችው ሴት መልእክቱን ለመናገር እንኳ አፍራ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተናገረችው። "ዋጋሽን ውሰጂ ብላሻለች" አለቻት። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምረው ውኃ አብረው የወረዱ፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ያጠቡ ሴቶች ናቸው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ውኃ ስትወርድ ዞራ በሩቁ መንገድ ነው የምትሄደው።

፬. እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያም በላይ የእርስዎ ሠልጣኝ ነኝ ብዬ እናቴን በስልኬ ቀረጽኋት። ለሥርጉት ብላ እንዳለቀሰች፣ ከማንም ምንም እንዳልተቀበለች ተናገረች፤ የቱን ሙሾ ማለቷ እንደሆነ እንዲታወቅም መነሻውን በለሆሳስ አዜመችው። ለጥፌው ውሎ ሳያድር ጠፋ። የእርስዎን የቅጂ መብት ስለጣሰ መወገዱን የሚገልጽ ትሕትና የተሞላበት ማሳሰቢያ ደረሰኝ። እናቴ የራሷን ድምፅ በራሷ አፍ ሰረቀች ማለት ነው። ብጽፍልዎት ረዳትዎ መልስ ሰጡኝ፤ እማማ በካሜራ ፊት በፈቃዳቸው አልቅሰዋል፣ ዘይትም ተሰጥቷል፣ ድምፁ በእርስዎ ስም የተመዘገበ ብራንድ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ልቃወም አልችልም።

ነገሩን ለእናቴ ያስረዳሁበትን ቀን ግን ለጠላቴም አልመኝም። ድምፅሽ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል ማለት በአማርኛ እንዴት ይባላል? እንደምንም አልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ታዲያ ቅዳሴ ላይ አሜን ማለቱስ ይፈቀድልኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ተምሬ የማልጠቅማት በመሆኔም ነው፣ ይህን ዓለም እኔ ያመጣሁባት ይመስል ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

፭. ባለፈው ወር ሌላ ለቅሶ ነበረ። እናቴ ሄደች፣ ተነሣች፣ የመጀመሪያውን ቃል አወጣች፤ ወዲያው ከድንኳኑ ጥግ የአንድ ሰው ስልክ ጮኸ። ጥሪው የእርሷው ዋይታ ነበር፣ ከነከበሮው። ጥቂት ልጆች ሳቃቸውን አፈኑ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ሟቹ ሳይለቀስለት ተቀበረ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላወረደችም።

የምለምንዎት ገንዘብ አይደለም፤ ብራንድዎም ይባረክልዎት። ያንን ጋቢ ዳግመኛ ይልበሱና፣ ስልክዎን እንደ ምንም ከቤት ትተው፣ ወይዘሮ ሥርጉት ደጅ ይምጡ። እማዋይሽ እንዳልሸጠች፣ እርስዎ እንደወሰዱ፣ በራስዎ አፍ ይንገሯት። ድምፁን ከገጽዎ ቢያወርዱትም ባያወርዱትም እናቴ ግድ የላትም፤ እርሷ የምትፈልገው ጎረቤቷን ብቻ ነው። እኔ ነግሬያታለሁ፣ ቄሱም ነግረዋታል፤ የእማዋይሽ ወገን ናችሁ ብላ አላመነችንም። በሀገሩ ሁሉ ቃልዎ የሚታመን እርስዎ ነዎት።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ፣ ስማችንን ከጅጋ አውጥተው እስከ ዳር አገር ስላስጠሩልን፣ በባለቤቶቹ እጅ የሚበላሽ የነበረውን እንባ በእርስዎ እጅ ስላስጠበቁልን ውለታዎ አይከፈልም። እግዚአብሔር የቀና ልብ፣ የማይቋረጥ ኔትዎርክና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንገቷን ደፍታ የምትሰፋው ሠልጣኝዎ
ህይወት ይሄይስ
ፍኖተ ሰላም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደምበጫ ካሉት እናትዎ ከወይዘሮ ሀብትነሽ ዘንድ ሰው መጣ። የአባትዎ ተዝካር ደርሷል፤ ቀብሩ ላይ አገር አልሞላምና አሁን የሚመጡት ብዙ ናቸው፣ እንደ እማዋይሽ የሚያወርድ የለም ሲባል ሰምቻለሁና ትምጣልኝ ብለው ልከዋል። የእኛንና የእርስዎን ነገር የሰሙ አይመስለኝም። እናቴ ለቅሶ አይከለከልም ብላ እሺ ብላቸዋለች፤ ነጠላዋንም አጥባ አስጥታለች። አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ ጠይቂልኝ አለችኝ፦ ለአባትዎ በድምፅዋ ማልቀስ ትችል እንደሆነ እንዲፈቅዱላት። ማሾፍ እንዳይመስልዎት፤ እርሷ የምሯን ነው፣ ሕግ ተላልፋ እናትዎን ማሳፈር አትፈልግም። መልስዎ እስከ ተዝካሩ ቀን ካልደረሰን መጥታ ከወይዘሮ ሀብትነሽ አጠገብ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እናትዎ ለምን ዝም እንዳለች ከጠየቋት ግን፣ እናቴ መዋሸት አትችልበትም።