ባለቤቱ ምልክቱን ይናገር፦ የበጎቻችንን መተግበሪያ ላገዱት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ መኳንንት፣
የወረዳችን የመተግበሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኔ ከነጉሙና ከነቁሩ፣ አሁን ደግሞ ከነእገዳዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሲፈርሙ ምን እንዳገዱ ለማየት ጊዜ አጥተው ከሆነ ላስታውስዎ። «የማን በግ» የተባለው መተግበሪያ፣ ጉም ወርዶ የየቤቱ መንጋ ሲደባለቅ በግ የጠፋበትን ሰው በግ ካገኘው ጋር የሚያገናኝ ነው። እኔ የደብራችን ዲያቆንና ገብስ አራሽ ነኝ እንጂ ኮድ መጻፍ አልተማርኩም፤ የሠራሁት ኮድ ከሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር ነው። የምፈልገውን በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ ይጽፋል፣ ሲሳሳት እመልሰዋለሁ። የቅኔ መምህሬ በእኔ ላይ ያደረጉትን ሁሉ በእሱ ላይ አደረግሁበት፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ እሱ ቶሎ ይታረማል።

የመጀመሪያው ሥራችን አሳፍሮናል። ረዳቱ የተገኘችን በግ ፎቶ፣ ጆሮዋ ላይ ከተቀደደው የቤት ምልክት ጋር ለሁሉም አሳየ። በማግስቱ ለአንዲት በግ ብዙ ባለቤት መጣ፤ ሁሉም ምልክቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። የነፍስ አባታችን አባ አትናቴዎስ ጠርተውኝ፣ ያገኘ ሰው ምልክት እንደማይናገር፣ ተናጋሪው የጠፋበት ሰው ብቻ እንደሆነ፣ አያቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሠሩበት የኖሩትን ሥርዓት ምን አስረሳህ አሉኝ። ለረዳቱ ነገርኩት፤ ፎቶውን ደበቀና መተግበሪያው ባለቤት ነኝ ባዩን ምልክቱን እንዲጠይቅ አደረገ። ባለቤታቸውን በሞት ያጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ሀብታቸው የሆኑት እናት በጎች በጉም ተለይተው ራቤል ከተማ ድረስ ሲሄዱባቸው ያስመለሱት በዚህ ነው።

አሁን ወደ እገዳዎ ልመለስ።

፩ኛ፦ ኮዱን የጻፈው ማሽን ስለሆነ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ይፈርምበት ብለዋል። ባለሙያውን ፍለጋ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ ያሉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ተነግሮኛል። ስለ ፈጣን መልሱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ የጠፋ ንብረት ማስታወቅ የክፍሉ ሥልጣን ነው፣ ለዚሁም የማስታወቂያ ሰሌዳ አለን ብለዋል። ሰሌዳው ያለው ግቢዎ ውስጥ ነው፤ ግቢዎ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ በጎቻችን ደግሞ የሥራ ሰዓት አያውቁም። ነውራቸውን ይቅር እንዲሉልን እለምናለሁ።

፫ኛ፦ መተግበሪያው ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ነው ብለዋል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ አልቀልድበትም። ተጠያቂው እኔ ነኝ። ረዳቱ የጻፈውን ሳልሞክር አልለቅም፤ ስሜና ሰፈሬም ገና ሲከፈት ይታያል። በእገዳው ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ ግን የማን እንደሆነ አይነበብም።

ስለዚህ መተግበሪያውን ከየሰዉ ስልክ እንዳጠፋ የሰጡኝን ትእዛዝ እንደማልፈጽም በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ሰኔ ገብቷል፣ ጉሙም ወርዷል፤ ወይዘሮ ጌታነሽ በጎቻቸውን ዳግመኛ ቢያጡ የሚያስመልስላቸው የእርስዎ ሰሌዳ አይደለም። ይህ ያናድደኛል፤ ዲያቆን ብሆንም ያናድደኛል። የታረመውን አዲስ እትም በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለፈለገ ሁሉ እጭናለሁ። ሊያስይዙኝ ቢመጡ እዚያው ያገኙኛል፤ ስልክዎን ካልረሱ ለእርስዎም እጭንልዎታለሁ።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

እገዳዎን ለማክበር ያልታደልኩት፣
ዲያቆን መርስዔ ኃዘን፣ ከመንዝ ደጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቤትዎ ሙክት በሞላሌ መንገድ ጉም ውስጥ እንደጠፋ፣ ባለቤትዎም ቤት ለቤት እየጠየቁ እንደሆነ ሰምቼ አዝኛለሁ። በአባ አትናቴዎስ ግቢ ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ሙክት ገብስ እየበላ ይገኛል። የእርስዎ ነው አላልኩም፤ ሥርዓታችን አይፈቅድልኝም። መተግበሪያውን ከፍተው ምልክቱን ራስዎ ይናገሩ። በእገዳዎ ከጸኑ ደግሞ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ቢላዋ ሳይሳል ሰሌዳዎ ከነገረዎ እሰየው።